ባዶው ወጥመድና ያደረው ዓሣ፦ በአንድ ኩሬ ላይ የተደረገ የኤሊ ቆጠራ የጉዳይ ጥናት

ስምንት ወጥመድ አራት ሌሊት ውሃ ውስጥ አደረ። በአራቱም ጠዋት ያወጣነው ሸርጣን፣ አንድ ሁለት አምባዛና ማታ ያስገባነውን ያንኑ ዓሣ ነው። ኤሊ የሚባል አልገባም።

ኩሬው ሰው ሠራሽ ነው። ለዓመታት የገባበት ደለል ግማሹን ሞልቶታል። ውሃው ተስቦ ደለሉ በኤክስካቫተር እንዲጠረግ ተወስኖ ቀን ተቆርጦ ነበር። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፤ በኩሬው ውስጥ ኤሊ አለ ወይስ የለም? ውሃ ሲጎድልባት ኤሊ ጭቃ ውስጥ ትገባለች፤ የማሽን አካፋ ደግሞ ጭቃና ኤሊ አይለይም። አለ ከተባለ ጠረጋው ወደ ሌላ ወር ይዛወራል፣ ኤሊዎቹም አስቀድመው ይወጣሉ። የለም ከተባለ ሥራው በቀኑ ይጀመራል። ለመልሱ የተሰጠን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሲሆን የመያዝ ፈቃዱም ለዚሁ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነበር። በአራተኛው ቀን ማታ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን «የለም» የሚለውን ሪፖርት መጻፍ ጀምረን ነበር። ይህን የምጽፈው ያ ሪፖርት ሊላክ ስንት እንደቀረው ስለማስታውስ ነው።

ወጥመዳችን የተለመደው ነው። ሦስት የብረት ቀለበት በመረብ ተሸፍኖ በርሜል የሚመስል ነገር ይሆናል፤ በአንዱ በኩል መረቡ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ጉሮሮ አለው። ኤሊዋ ሽታውን ተከትላ በሰፊው አፍ ትገባለች፣ ከገባች በኋላ ግን ጠባቡን መውጫ አታገኘውም። ቀለበቱ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። አንድ አራተኛው ሁልጊዜ ከውሃ በላይ መሆን አለበት፤ ኤሊ በሳንባዋ የምትተነፍስ ፍጥረት ናትና። በሌሊት ዝናብ ዘንቦ ውሃው ከፍ ቢል እንኳ ወጥመዱ አብሮ እንዲነሳ በውስጡ ሁለት ሁለት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አስረናል። በዚህ በኩል ጥፋት አልነበረብንም። የቦታ ምርጫችንም ደህና ነበር፦ ደንገል ያለበት ዳር፣ የወደቀ ግንድ አጠገብ፣ ውሃ የሚገባበት ጥግ።

የጎደለን ሌላ ነገር ነበር፤ ያንን ያየልን ደግሞ በኩሬው ዳር ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ፣ ጀልባቸውንም ያከራዩን አንድ አዛውንት ናቸው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወጥመዱን ስናወጣ አጠገባችን ቆመው ያዩ ነበር። የዓሣውን ከረጢት ተቀብለውኝ ከፈቱት፤ አሸተቱትና መልሰው ሰጡኝ።

«ልጄ፣ ይኼን ከየት አመጣችሁት?»

«ከበረዶ ቤት ነው ጋሼ። ለሁለት ሳምንት እንዲበቃን አንድ ላይ ገዛነው።»

«በረዶ ቤት ከመግባቱ በፊት የት ነበር?»

አላውቅም ነበር። ኋላ ስንጠይቅ ዓሣው ለገበያ ቀርቦ ሳይሸጥ ውሎ ያደረ ትራፊ መሆኑን ሰማን። ለማባበያ ነው ስለተባለ ርካሹን ሰጡን፤ እኛም ርካሹን ወሰድን። ለሰው የማይሆን ዓሣ ለኤሊ ይሆናል፣ እንዲያውም ይበልጥ ስለሚሸት ይሻላል የሚል ግምት ነበረኝ። ኤሊ የሞተ ነገር ትበላለች ሲባል የሰማ ሰው ሁሉ የሚያስበው ነው።

«የበሰበሰውን ሸርጣን ይበላዋል፣ አምባዛም ይበላዋል» አሉ አዛውንቱ። «ኤሊ ግን ደም ያለው ትወዳለች። ዛሬ የተያዘ ስጧት።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የማባበያ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ኤሊ ምግቧን እንዴት እንደምታገኝ ከማወቅ ነው። ኤሊ ውሃ ውስጥ ታሸታለች። ጉሮሮዋን እየነፋችና እየሰበሰበች ውሃውን በአፍንጫዋ ታመላልሳለች፤ በዝግታ ስትንቀሳቀስ ከታች ላያት ሰው አገጯ ሥር ያለው ቆዳ ሲመታ ይታያል። በዚያ ውሃ ውስጥ የምትፈልገው የሚሟሟ ነገር ነው። ከተቆረጠ ትኩስ ዓሣ ደም፣ የሆድ ዕቃ ፈሳሽና አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ቅንጣቶች) ይወጣል፤ እነዚህ በውሃው ውስጥ ይሟሟሉ፣ እንደ ክርም ተስበው ሩቅ ይሄዳሉ። ዘይቱ ደግሞ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ዓሣ ሲበሰብስ ባክቴሪያው አሚኖ አሲዶቹን እየበላ ወደ አሞንያና ወደመሳሰሉት ይለውጣቸዋል። ለእኛ አፍንጫ ሽታው በረታ ማለት ነው፤ ለኤሊዋ ግን ምግብ የሚለው መልእክት ተዳክሟል። እኛ በአየር ላይ የምናሸተውና እሷ በውሃ ውስጥ የምታሸተው አንድ አይደለም። ከረጢቱን ከፍቼ አፍንጫዬን ስይዝ «ይህስ ከሩቅ ይጠራል» ብዬ ነበር፤ የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው።

መቀዝቀዙ በራሱ ጥፋት እንዳልነበረም መናገር አለብኝ። ትኩስ ሆኖ የቀዘቀዘ ዓሣ ጥሩ ማባበያ ነው። በረዶው የሥጋውን ሕዋሳት ስለሚሰነጥቃቸው ሲቀልጥ ፈሳሹ ቶሎና በብዛት ይወጣል፤ ጉዳቱ ቶሎ ማለቁ ብቻ ነው። የእኛ ዓሣ የተበላሸው በረዶ ቤት ሳይገባ ነው። በረዶ ያገኘውን ያቆያል እንጂ የተበላሸውን አይመልስም።

ስለዚህ ትኩስ ዓሣ ማጥመድ ነበረብን። በዚህ ጉዳይ ለመናገር የሚከብደኝ ክፍል ይህ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጀልባው ላይ አንድ መረብ ተውሰን ዘረጋን። ውሃ ውስጥ እንደ መጋረጃ የሚቆም፣ ዓሣው አንገቱን ሲያስገባ ስንጥቡ ላይ የሚይዘው ዓይነት መረብ ነው። ለማባበያ የሚበቃንን አሥር አሥራ አምስት ዓሣ ብቻ ስለፈለግን አጭሩን መረጥን። አዛውንቱ ወደ ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት «ሳይመሽ አውጡት» ብለውን ነበር። መሸ፤ ደክሞናልም። ጠዋት ከወጥመዶቹ ጋር አብረን እናወጣዋለን አልን። ወጥመዱን በየጊዜው የምንፈትሽበት፣ አየር እንዲኖረው የምንጠነቀቅበት ደንብ ሁሉ ስለ ወጥመዱ ነበር። መረቡን ግን የዓሣ መረብ ነው ብለን አልፈን ሄድን።

ጠዋት መረቡን ስንስብ ከታች ጫፉ ከበደ። ኤሊ ናት። ሁለቱ የፊት እግሮቿና አንገቷ በመረቡ ተጠምጥመው ነበር። በመረቡ የተያዘውን ዓሣ ልትበላ መጥታ ነው፤ አጠገቧ ግማሹ የተበላ ቆሮሶ ተሰቅሎ ነበር። አራት ሌሊት ስንፈልጋት የከረምናት ኤሊ፣ እናባብላታለን ያልነውን ትኩስ ዓሣ ስትበላ፣ እኛው በዘረጋነው መረብ ታፍና ሞተች።

የታፈነች ኤሊ ሞታለች ለማለት መቸኮል አይገባም። ለሰዓታት ሳትንቀሳቀስ ቆይታ የምትነቃ አለች። መልሶ ውሃ ውስጥ መጣል ደግሞ የቀረችውን ነፍስ መጨረስ ነው። ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘንበል አድርገን ውሃው ከአፏ እንዲወርድ አደረግን፤ እግሮቿን እየሳብን እያጠፍን ቆየን፤ ከዚያም የኋላዋን ከፍ አድርገን እርጥብ ጨርቅ አልብሰን በጥላ አስቀመጥናት። እስከ ማግስቱ ጠበቅን። አልነቃችም። ከኋላ እግሮቿ ፊት ለፊት ባለው ጎድጓዳ ቦታ ጣቴን አስገብቼ ስዳስስ እንቁላሎቹ በእጄ ታወቁኝ።

ውሃው ቀዝቃዛ ቢሆን ምናልባት ትተርፍ ነበር። ብርድ ላይ የኤሊ ሰውነት የሚፈልገው ኦክስጅን እጅግ ጥቂት ነው። በሞቀ ውሃ ግን፣ በዚያ ላይ ለመላቀቅ ስትታገል፣ የያዘችው አየር ቶሎ ያልቃል፤ ጡንቻዋ ውስጥ ላክቲክ አሲድ ይጠራቀማል። ኤሊዎች ምግብ የሚፈልጉበትና ማባበያ የሚሠራበት ወቅት ይህ የሞቀው ወቅት መሆኑ ነገሩን ያከፋዋል።

አንዲት ኤሊ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ለማያውቅ ሰው ሐዘናችን የተጋነነ ሊመስለው ይችላል። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ጀስቲን ኮንግደንና ባልደረቦቹ ተናካሽ ኤሊዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት ስሌት አለ። በየዓመቱ ከሚሞቱት ትልልቅ ኤሊዎች በተጨማሪ ከመቶ አሥሩ ብቻ ቢሞቱ፣ የትልልቆቹ ቁጥር ሃያ ዓመት ሳይሞላ በግማሽ ይቀንሳል ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኤሊ ለመውለድ ዓመታት ትጠብቃለች፤ አብዛኛው እንቁላሏ በሌሎች እንስሳት ይበላል፤ ተተኪ የምታገኘው ለረጅም ዘመን ደጋግማ በመውለድ ነው። ያንን ዘመን ያሳጠረባት ሰው ያጠፋው አንዲት ኤሊ ብቻ አይደለም። እንደ ዓሣ በሚቀጥለው ዓመት የሚተካ ቁጥር የለም።

አዛውንቱ መጥተው አዩዋት። አልተቆጡም። መረባቸውን አጣጥፈው ወሰዱና በምትኩ የሚወረወረውን መረብ አመጡልን።

ከዚያ ቀን በኋላ ለማባበያ የሚሆን ዓሣ የያዝነው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ይኸው የሚወረወር መረብ ነው፤ ክብ ነው፣ ዳርና ዳሩ ላይ የእርሳስ ክብደት አለው፣ ተወርውሮ ወዲያው ይሳባል። ሰው እጅ ላይ ስለሆነ ያልተፈለገ ነገር ቢይዝ በደቂቃ ውስጥ ይለቀቃል። ሁለተኛው ለትንንሽ ዓሣ የሚሆን የሽቦ ቅርጫት ነው፤ አፉ ከሦስት ጣት ስለማይሰፋ ኤሊ አይገባበትም። ሦስተኛው መንጠቆ ነው።

መንጠቆ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ ብዙ ሰው ሲረሳው አይቻለሁና። በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ወጥመድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አፉና ጉሮሮው በጣት መፈተሽ አለበት። ዓሣው ክሩን በጥሶ ያመለጠበት የቀድሞ መንጠቆ በሆዱ ይዞ ሊኖር ይችላል። እሱን የዋጠች ኤሊ በሳምንታት ውስጥ አንጀቷ ተቀዶ ልትሞት ትችላለች፤ የምትሞተውም እኛ ቆጥረን፣ ምልክት አድርገን፣ «በደህና ለቀቅናት» ብለን ከጻፍን በኋላ ነው። የእርሳስ ክብደትም እንደዚያው መርዝ ነው። እኛ ካጠመድናቸው አምባዛዎች አንዱ ሆድ ውስጥ የዛገ መንጠቆ አግኝተናል። ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ሆዳቸውን ከፍተን ነው ያስገባነው፤ መክፈቱ ሽታውንም ስለሚያወጣው ለሁለት ነገር ይጠቅማል።

ዓሣው ከዚያው ኩሬ መሆኑንም ደንብ አደረግነው። ይህ ስለ ጣዕም አይደለም። ከሌላ ውሃ የመጣ ዓሣ በሽታ፣ ጥገኛ ትልና የማይፈለግ ዝርያ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ቪ.ኤች.ኤስ. የተባለው የዓሣ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2005 ብዙ ዓሣ ሲፈጅ ከታየ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ከሐይቆቹ ዙሪያ በሽታው የሚይዛቸውን ዝርያዎች በሕይወት ማጓጓዝን የሚገድብ ትእዛዝ አውጥቷል። ይህ ቫይረስ በረዶ ውስጥም ሊቆይ ስለሚችል «አቀዝቅዤዋለሁ» ማለት ብቻውን መከላከያ አይሆንም። ከገበያ የገዛነው ዓሣ ከየትኛው ውሃ እንደተያዘ ሳንጠይቅ አራት ሌሊት ኩሬው ውስጥ ማሳደራችን ሌላው ጥፋታችን ነበር።

የትኛው ዓሣ ይሻላል? ኩሬው ውስጥ የነበሩት ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ናቸው። ቆሮሶ የሥጋው ቅባት ጥቂት ነው፣ ቅርፊቱም ጠንካራ ነው፤ እንዳለ ከገባ ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶ ያድራል። ጎንና ጎኑ እስከ አጥንቱ መተልተል አለበት። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ቅባቱም ይሻላል፤ ነገር ግን የጎን ክንፎቹ ላይ ያለው እሾህ መረብ ይቀዳል፣ አፍም ይወጋል፤ ከሥሩ በጉጠት መሰበር አለበት። ካርፕ ደሙ ብዙ ነው፤ ቆርጠን ስናስገባው ውሃው ወዲያው ሲደፈርስ ይታይ ነበር። የእኔ ምርጫ ካርፕ ነው፣ ከዚያ አምባዛ። ሁለቱን ከሚለያያቸው ይልቅ ግን ትኩስና ያደረ፣ የተቆረጠና ያልተቆረጠ የሚለው ልዩነት እጅግ ይበልጣል። ስለ ዝርያ ሲከራከር የሚውል ሰው መጀመሪያ ዓሣው መቼ እንደተያዘ ይናገር።

በመጨረሻ ደግሞ ለማባበያ ብለን ዓሣ መግደሉንም ቀነስነው። አዛውንቱ ለገበያ የሚያጸዱት ዓሣ ጭንቅላት፣ ስንጥብና የሆድ ዕቃ ይተርፍ ነበር። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከቢላቸው ሥር እንቀበላቸው ጀመር። ደም ያለው እዚያ ነው፤ ከሥጋው ይበልጥ ይሠራል። ችግሩ ቶሎ ታጥቦ መሄዱ ነው፤ ስለዚህ ዕቃ ያስፈልገዋል።

ስለ ዕቃው ካነሳሁ ልጨርሰው። መጀመሪያ ዓሣውን የያዝነው በሽንኩርት መያዣ ከረጢት ነበር። ሸርጣኖቹ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ቀደው ይጨርሱታል። ከረጢቱ ወደ መረቡ ጎን ተጠግቶ በተሰቀለባቸው ሁለት ወጥመዶች ደግሞ ከውጭ በኩል ተጎትቶ ተቀድዶ አገኘነው፤ ኤሊዋ ሳትገባ ውጭ ሆና በልታ ሄደች ማለት ነው። ስለዚህ ሰፊ አፍ ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ወስደን ዙሪያውን በጋለ ሚስማር በሳሳነው፤ ቀዳዳው የመጻፊያ እርሳስ የሚያስገባ ያህል ነው። ዓሣውን በዚያ አድርገን ከወጥመዱ መካከል፣ ከጉሮሮው በስተኋላ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ሽታው ይወጣል፣ ሥጋው ይቆያል፣ ኤሊዋም ስለማትጠግብ እዚያው ትቆያለች። አንዳንዶች ለገባችው ኤሊ ትንሽ ቁራሽ ዓሣ በነፃ ይጥሉላታል፤ እኛም ከጠርሙሱ ውጭ አንዲት ቁራጭ እንጥል ነበር። የአፉን አቅጣጫም ውሃ በሚገባበት ጥግ ላይ ወደ ታችኛው ፍሰት አዞርነው። ሽታውን ይዞ የሚሄደው ፍሰቱ ነው፤ ኤሊዋ ሽታውን ይዛ ወደ ላይ ስትመጣ የምታገኘው አፉን መሆን አለበት።

አሁን ወደ ፈተናው። ትኩስ ዓሣ በገባበት የመጀመሪያ ሌሊት ኤሊ ገባ። ደስ ብሎን «ዓሣው ነው» አልን። ባልደረባዬ ግን መዝገቡን አሳየኝ፤ በዚያ ሰሞን የጠዋቱ የውሃ ሙቀት በሁለት ዲግሪ ጨምሯል። ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት ከአካባቢዋ የምታገኝ ስለሆነች ውሃ ሲሞቅ የምግብ ፍላጎቷ ይከፈታል። ለውጡን ያመጣው ዓሣው ይሁን ሙቀቱ በዚያ አንድ ሌሊት መለየት አይቻልም። ይህን በማንሳቱ አመሰግነዋለሁ፤ እኔ ብሆን ዘልዬው ነበር።

ስለዚህ ለስድስት ሌሊት ጎን ለጎን አስኬድነው። በአራቱ ወጥመዶች በዕለቱ የተያዘ ካርፕና አምባዛ፣ በሌሎቹ አራት ከበረዶ ቤት የቀረውን አሮጌ ዓሣ አደረግን። ያንን ከማስገባታችን በፊት ከየት እንደተያዘ አጣርተን ከዚሁ ኩሬ የሆነውን ብቻ ለይተናል። ብዛቱ በሚዛን እኩል ነው፣ ጠርሙሱም አንድ ዓይነት ነው። ቦታ እንዳያታልለን በየማታው አቀያየርናቸው፤ ዛሬ ትኩስ የገባበት ወጥመድ ነገ አሮጌውን ይይዛል፤ ጠርሙሱም አብሮ ስለሚዛወር የትናንቱ ሽታ ወደ ነገ አይሻገርም። በየጠዋቱ ፀሐይ ሳትበረታ ፈተሽን።

አራት ወጥመድ በስድስት ሌሊት፣ ሃያ አራት የወጥመድ ሌሊት ለእያንዳንዱ። ትኩሱ ዓሣ አሥራ ሦስት ጊዜ ኤሊ ያዘ፣ አሮጌው ሁለት ጊዜ። ሙቀቱ ለሁለቱም አንድ ነበር፣ ቦታውም እንዲሁ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ኩሬውም አንድ ነው፤ ስለ ሌላ ውሃ በዚህ አልፈርድም። ስለዚህ ኩሬ ግን ያ የመጀመሪያ ሪፖርት ውሸት ይሆን እንደነበር ለማሳየት ይበቃል።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሌሊቶች በአራቱ ወጥመዶች በዘይት የታሸገ ሰርዲን ሞከርን። ሰርዲን ቅባታም ነው፣ ቆርቆሮውም ተከፍቶ ወደ ጠርሙሱ ሲገለበጥ ዘይቱ ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥባል። ሁለት ኤሊ ያዘ፤ ትኩሱ ሦስት። ለእኔ የሰርዲን ጥቅሙ ሌላ ነው። የትም ቢገዛ አንድ ዓይነት ነው፣ መንጠቆ የለበትም፣ በማሸጊያው ሙቀት ስለበሰለ በሽታ አያመጣም፣ ለማግኘትም መረብ መዘርጋት አያስፈልግም። በዚያች ጠዋት ሁለት ጣሳ ሰርዲን ቢኖረን ኖሮ እላለሁ።

የተያዙትን መዝነን፣ ለክተን ምልክት አደረግን። ምልክቱ እ.ኤ.አ. በ1939 ፍሬድ ኬግል ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ ድንጋይ በምንለው ልባሷ ጠርዝ ላይ በትንሽ ሞረድ ጥርስ ይወጣል፣ የጥርሱ ቦታ ቁጥሩን ይናገራል። አይደማም፣ ለዓመታትም ይቆያል። በስምንቱ ሌሊቶች ሃያ ጊዜ ኤሊ ተይዟል፤ በምልክቱ ስንለያቸው ግን አሥራ ሦስት ናቸው። የቀሩት ሰባቱ የተመለሱ ናቸው። አንዲቱ ሦስት ጊዜ ገብታለች፤ ምግቡን ለምዳው መሆን አለበት።

ይህ መመላለስ የሚያሳስብ ነው። ዓሣ የሚጠራው ዓሣ የምትወደውን ነው። ብዙ የውሃ ኤሊዎች ሲያድጉ ወደ ሣርና ቅጠል ያዘነብላሉ፤ ትንንሾቹ ደግሞ በመረቡ ቀዳዳ ሾልከው ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 ሪምና ሪም የተባሉ ሁለት አጥኚዎች ባለቀለም ኤሊዎችን በተለያየ ዘዴ ሲይዙ፣ ስለዚያው መንጋ የወንድና የሴት እንዲሁም የዕድሜ ስብጥር የተለያየ ምስል እንዳገኙ አሳይተዋል። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ «አሥራ ሦስት አሉ» አላልንም፤ «ቢያንስ አሥራ ሦስት አሉ፤ ሁሉም ትልልቅ ናቸው፤ ትንንሾቹን ይህ ዘዴ አያሳይም» አልን። ፀሐይ ለመሞቅ ግንዱ ላይ የሚወጡትንም በርቀት መነጽር ቆጥረን ጨመርን።

አንድ ነገር ከአዛውንቱ ጋር አከራክሮን ነበር። ኤሊ ዓሣውን ትጨርስብናለች ብለው ያምኑ ነበር፤ ከመረባቸው ላይ ግማሽ የተበላ ዓሣ ዘወትር ስለሚያገኙ አልፈርድባቸውም። ካርል ላግለር በሚሺጋን የኤሊዎችን ሆድ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1943 ያሳተመውን ነገርኳቸው፦ በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ኤሊ ለአጥማጅ የሚፈለገውን ዓሣ ቁጥር የሚጎዳ ጠላት አይደለችም። መረብ ላይ የተሰቀለ ዓሣ ማምለጥ አይችልም፤ ነፃ የሆነውን ዓሣ ግን ኤሊ ብዙውን ጊዜ ለመያዝ ፍጥነቱ የላትም። «እንግዲያ መረቤን ቶሎ ቶሎ ባወጣ እሷም አትበላብኝም» አሉ። እንደዚያ ነው። እሷም አትሞትም።

የተረፈውን ዓሣ ወደ ኩሬው አልጣልነውም። ከዳሩ ርቀን ቀበርነው፤ ውሃ ዳር የተጣለ የዓሣ ትራፊ የኤሊ ጎጆ ቆፍረው እንቁላል የሚበሉ እንስሳትን ይጠራል፤ ወቅቱም እንቁላል የሚጣልበት ነበር። ከአሥራ ሦስቱ አራቱ እንቁላል ይዘው ነበር።

ሪፖርቱ በአሥራ አምስተኛው ቀን ተላከ። ጠረጋው እንቁላል ተጥሎ ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ወዳለው ወር ተዛወረ፤ ውሃው ቀስ በቀስ እንዲጎድልና አንዱ ጥግ ሳይነካ እንዲቆይም ተወሰነ።

ከሪፖርቱ ጋር የሄደው ሠንጠረዥ አሥራ አራት ረድፍ አለው። ባልደረባዬ በሕይወት የተያዙትን ብቻ እናስገባ ብሎኝ ነበር፤ አልተስማማሁም። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ክብደት፣ ርዝመትና «ሴት፣ እንቁላል ያላት» የሚል አለ። የምልክት ቁጥር በሚለው ዓምድ ሥር ሰረዝ ነው። የተያዘችበት መንገድ በሚለው ሥር «ለማባበያ ዓሣ በተዘረጋ መረብ፣ ሌሊቱን ሳይፈተሽ ያደረ» ብዬ ጽፌያለሁ።